ቅቤው ወደ ገበያ፣ ካልሲየሙ ወደ አሬራ

በገበያ ቀን ወደ ቡሬና ወደ ፍኖተ ሰላም በሚያደርሱ መንገዶች ላይ ቅቤ ይዘው የሚጓዙ እናቶችን ማየት የተለመደ ነው። ቅቤው ይሸጣል፤ አሬራው ከቤት ይቀራል። ገንዘብ የሚያስገኘው ቅቤው ስለሆነ አሬራው ብዙ ጊዜ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል። ለመሆኑ ለአረጋውያን አጥንት ይበልጥ የሚጠቅመው የትኛው ነው? መልሱን ለማግኘት ካልሲየም የተባለውን ንጥረ ነገር ከወተቱ ጀምረን እንከተለው።

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም 99 በመቶ ያህሉ የሚገኘው በአጥንትና በጥርስ ውስጥ ነው። አጥንት እንደ ድንጋይ ባለበት የሚቆይ አይደለም፤ ዘወትር ይፈርሳል፣ ዘወትርም ይገነባል። እስከ 30 ዓመት ገደማ ግንባታው ያይላል፤ ውሎ አድሮ ግን ፍርሰቱ ይበልጣል። በሴቶች ላይ የወር አበባ ከተቋረጠ በኋላ ባሉት ዓመታት ፍርሰቱ ይፈጥናል። ስለዚህ አጥንት ጎተራን ይመስላል፤ በመኸር በደንብ ያልሞላ ጎተራ ክረምቱን አያሻግርም።

እዚህ ላይ ፊዚክስ የሚጨምረው ነገር አለ። ስፖንጅ መሰል የሆነው የውስጠኛው አጥንት ጥንካሬ በግምት ከእፍግታው ካሬ ጋር ርቱዕ ወደረኛ ነው። እፍግታው በ20 በመቶ ቢቀንስ 0.8 × 0.8 = 0.64 ይሆናል፤ ማለትም ጥንካሬው በ36 በመቶ ይወርዳል። በወጣትነት ከቁም ነገር የማይገባ መውደቅ በእርጅና ዳሌን የሚሰብረው አንድም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ መናጫው እንመለስ። 100 ግራም የላም ወተት 120 ሚሊግራም ያህል ካልሲየም ይይዛል። ይህ ካልሲየም የሚገኘው በስቡ ውስጥ ሳይሆን በፕሮቲኑና በውሃው ክፍል ነው። እርጎው ሲናጥ ጥቃቅኖቹ የስብ እንክብሎች እየተጋጩ ሽፋናቸው ይቀደዳል፤ እርስ በርስ ተጣብቀውም ቅቤ ይሆናሉ። ካልሲየሙ ግን አብሯቸው አይወጣም፤ ከሞላ ጎደል በሙሉ በአሬራው ውስጥ ይቀራል።

አሬራው ተሞቆ አይብ ሲወጣው ደግሞ ሌላ ለውጥ ይታያል። አሲዱ ካልሲየሙን ከፕሮቲኑ አላቆ በፈሳሹ ውስጥ ያሟሟዋል። ስለዚህ አይቡ ፕሮቲኑን ይይዛል፤ ብዙው ካልሲየም ግን ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። አጓት የሚደፋበት ቤት የሚደፋው ውሃ ብቻ አይደለም።

እርጎና አሬራ ሌላም ጥቅም አላቸው። ብዙ ሰዎች ከልጅነት በኋላ የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም ስለሚቀንስባቸው ወተት ሆዳቸውን ይነፋቸዋል። በእርጎ ውስጥ ግን ባክቴሪያዎች የስኳሩን ከፊል አስቀድመው ወደ ላክቲክ አሲድ ስለለወጡት ለሆድ ይቀላል።

ይህ ሁሉ በተግባር ለውጥ ያመጣልን? እ.ኤ.አ. በ2021 ይፋ የሆነ የአውስትራሊያ ጥናት በ60 የአረጋውያን መኖሪያ ተቋማት የሚገኙ ከ7000 በላይ ሰዎችን ለሁለት ዓመት ተከታትሏል። በግማሾቹ ተቋማት የወተት፣ የእርጎና የፎርማጆ ድርሻ እንዲጨምር ተደረገ። በእነዚህ ተቋማት የአጥንት ስብራት በ33 በመቶ፣ የዳሌ ስብራት በ46 በመቶ፣ መውደቅም በ11 በመቶ ከሌሎቹ አንሶ ተገኘ። ተሳታፊዎቹ ቀድሞ የሚያገኙት ካልሲየም አነስተኛ እንደነበረ ግን ልብ ማለት ያስፈልጋል፤ ጥቅሙ የጎላው ጉድለት በነበረበት ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መርጋትና መኮምጠጥ የብሩሴሎሲስንና የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስያን በአስተማማኝ ሁኔታ አይገድልም። ስለዚህ ወተቱን አስቀድሞ አፍልቶ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያም ከፈላ ወተት በተዘጋጀ እርጎ ማርጋት ይገባል። ማፍላት ካልሲየሙን አያጠፋውም። በጾም ቀናት ደግሞ ጎመንና ጤፍ የድርሻቸውን ያበረክታሉ።

ውድ ተማሪዎች፣ ለእረፍት ወደ ቤተሰቦቻችሁ ስትሄዱ ለአያታችሁ አንድ ጣሳ አሬራ ቅዱላቸው፤ ለራሳችሁም አትርሱ። የእሳቸው ጎተራ እንዳይራቆት መጠበቅ አለበት፤ የእናንተ ግን ገና የሚሞላበት ወቅት ላይ ነው።