የደም ካንሰርን የሚገታው ክኒን

ሱዳን ለምንኖረው፣ በመተማና በሑመራ በኩል ለመጣነውም፣ ጣፊያ አበጠ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን ወባ ወይም ካላዛር ነው። ግምቱ ስሕተት የለበትም። ነገር ግን በግራ በኩል ከጎድን ሥር ያለው እብጠት፣ ድካሙ፣ መክሳቱና የሌሊት ላቡ ለወራት ከቆየ የደም ቆጠራ ያስፈልጋል። ሲ.ኤም.ኤል. የሚባለው፣ ቀስ ብሎ የሚያድገው የደም ካንሰር ሊሆን ይችላልና። ይህ በሽታ ከሰው ወደ ሰው አይጋባም፤ ከወላጅም አይወረስም። የታመመን ሰው ዕቃ መለየት አያስፈልግም።

ደም የሚሠራው በአጥንት መቅኔ ውስጥ ነው። በአንዲት የመቅኔ ሕዋስ ውስጥ 9ኛውና 22ኛው ክሮሞሶም ተሰብረው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ያጠረው 22ኛ ክሮሞሶም እ.ኤ.አ. በ1960 በአሜሪካ በፊላደልፊያ ከተማ ስለተገኘ በከተማዋ ስም ይጠራል (በራእይ መጽሐፍ ካለችው ፊልድልፍያ ጋር አታምታቱት)። ከዚህ ቅይጥ የሚሠራው ፕሮቲን ማጥፊያው እንደተበላሸ የውሃ መሳቢያ ሞተር ነው። ሕዋሷን ያለ ማቋረጥ ተባዢ ይላታል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ግቢን እንዳጥለቀለቀ ውሃ ደሙን ይሞሉታል።

የተለመዱት የካንሰር መድኃኒቶች ቶሎ የሚባዛን ሕዋስ ሁሉ፣ ጤነኛውንም ጭምር፣ ይመታሉ። ጠጉር የሚረግፈው ለዚህ ነው። ኢማቲኒብ ግን የዚያን ሞተር የነዳጅ መግቢያ ይወትፋል። ነዳጁ ኤ.ቲ.ፒ. የተባለ ንጥረ ነገር ነው፤ መግቢያው ከተደፈነ ሞተሩ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1998 በተጀመረው የመጀመሪያ ሙከራ በቀን 300 ሚሊ ግራምና ከዚያ በላይ ከወሰዱት 54 ሕመምተኞች የ53ቱ የደም ቆጠራ ወደ ጤናማ መጠን ተመልሷል። በ2001 አሜሪካ መድኃኒቱን ፈቀደች።

ዋጋው የሚቀመስ አልነበረም። አምራቹ ኖቫርቲስ ከማክስ ፋውንዴሽን ጋር ባካሄደው የነጻ እደላ ግን በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የሚታከሙ ሕመምተኞች አግኝተውታል።

ውታፉ ሲነሣ ሞተሩም ይነሣል። ጣፊያው ተመልሶለት ሥራ የጀመረ ሰው «ድኛለሁ» ብሎ ክኒኑን በራሱ ቢተው በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ያገረሻል። ከዓመታት በኋላ የሚያቆሙ አሉ፤ እነርሱም በሐኪም ትእዛዝና በተደጋጋሚ ምርመራ ነው።

እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 በካርቱም ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሆስፒታሎች ተዘግተው ሕመምተኛው ተበትኗል። መንገድ የሚነሣ ሕመምተኛ ከክኒኑ ጋር መጠኑንና የምርመራ ውጤቱን የያዘ ወረቀት ይያዝ። «ግሊቬክ» የአንድ ፋብሪካ ስም ስለሆነ ወረቀቱ ላይ «ኢማቲኒብ» የሚለውም ይጻፍ፤ በሌላ አገር ያለ ሐኪም የሚያውቀው በዚህ ነው።