የሕንፃ ባለሙያዎች የሙያ ኃላፊነት

የሕንፃ ባለሙያዎች የሙያ ኃላፊነት ማለት አርክቴክት፣ መሐንዲስ፣ ተቆጣጣሪ ወይም የሕንፃን መሣሪያዎች ፈትሾ የሚያስረክብ ባለሙያ በሥራው በፈጸመው ስህተት ወይም ቸልተኝነት ለደረሰ ጉዳት በሕግ የሚጠየቅበት ሁኔታ ነው። ጉዳቱ በሕይወት፣ በአካል፣ በንብረት ወይም በገንዘብ ላይ የደረሰ ሊሆን ይችላል። ተጠያቂነቱ ከየት ሊመጣ እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ፣ መቀነስ፣ የቀረውንም በመድን መሸፈን የሙያ ኃላፊነት ስጋት አስተዳደር ይባላል።

በኢትዮጵያ ጉዳዩን የሚመለከቱት ዋና ዋና ሕጎች የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ የወንጀል ሕግ እና የሕንፃ ሕጎች ናቸው። ስጋቱ ግን በሕግ ብቻ አይወሰንም፤ ሕንፃው የሚቆምበት አፈር፣ ከፍታና የአየር ጠባይም ይወስኑታል። በዚህ ረገድ ደብረ ታቦርና የደቡብ ጎንደር ደጋማ አካባቢ ጥሩ ምሳሌ ናቸው።

ታሪክ

ሕንፃ የሠራ ሰው ለሥራው መጠየቅ አለበት የሚለው ሐሳብ በጣም ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ18ኛው ክፍለ ዘመን የወጣው የባቢሎን ንጉሥ ሐሙራቢ ሕግ፣ የሠራው ቤት ፈርሶ ባለቤቱን የገደለ ግንበኛ በሞት እንዲቀጣ ያዝዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1804 የወጣው የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ አርክቴክትና ሥራ ተቋራጭ ለሕንፃው ጽናት ለ10 ዓመት ኃላፊ እንዲሆኑ ደነገገ።

የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ናቸው። የ10 ዓመቱ ደንብም በኢትዮጵያ ሕግ ውስጥ ቦታ አግኝቷል።

የሕግ መሠረት

የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2031 የሙያ ጥፋትን ይመለከታል። ማንኛውም ባለሙያ የሙያውን ደንቦች አክብሮ መሥራት አለበት። ባለማስተዋል ወይም ግዴታውን በግልጽ ባለማወቅ በሳይንሱ ወይም በሙያው ደንብ መሠረት ጥፋት ከፈጸመ ኃላፊ ይሆናል። ስለዚህ መለኪያው አንድ ጠንቃቃ የሙያው ሰው በዚያ ሁኔታ ምን ያደርግ ነበር የሚለው ነው። ሕንፃው ስለተሰነጠቀ ብቻ ንድፍ አውጪው አጥፍቷል ማለት አይቻልም።

የሕንፃ ባለቤት ሁኔታ ከዚህ ይለያል። በአንቀጽ 2077 መሠረት ሕንፃው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችል ቢሆንም እንኳ፣ ባለቤቱ ኃላፊ ነው። ነገር ግን ባለቤቱ የከፈለውን ካሣ ሕንፃውን አበላሽቶ ከሠራው ሰው መልሶ መጠየቅ ይችላል። ብዙ ጊዜ ክስ ወደ ባለሙያው የሚደርሰው በዚህ መንገድ ነው፤ የተጎዳው ባለቤቱን ይከሳል፣ ባለቤቱ ወደ ተቋራጩ ይዞራል፣ ተቋራጩም ጥፋቱ የንድፉ ነው ይላል።

አንቀጽ 3039 ተቋራጩ ሥራው በትክክል ለመሠራቱና ለሕንፃው ጽናት ከርክክብ ጀምሮ ለ10 ዓመት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ዋስትናው ከአሠራር ጉድለት በተጨማሪ ሕንፃው ከተሠራበት መሬት ጠባይ የሚመጣን ጉዳት ይጨምራል። ይህን ጊዜ የሚያሳጥር የውል ቃል ዋጋ የለውም።

ከውል ውጭ ለሚቀርብ የጉዳት ካሣ ክስ የይርጋው ጊዜ በአንቀጽ 2143 መሠረት 2 ዓመት ነው። ጊዜው መቆጠር የሚጀምረው ግን ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን እንጂ ንድፉ ከተፈረመበት ቀን አይደለም። ከብዙ ዓመት በፊት የተሳለ ንድፍ ዛሬ ክስ ሊያስነሳ የሚችለው ለዚህ ነው።

በቸልተኝነት የሰው ሕይወት ከጠፋ ጉዳዩ ወንጀል ይሆናል። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 የሌላውን ሕይወት ወይም ደኅንነት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ያለበት ሰው በቸልተኝነት ሰው ሲገድል ቅጣቱ ከፍ እንዲል ያደርጋል። የወንጀል ቅጣትን የትኛውም መድን አይሸፍንም።

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624/2001 ሕንፃዎችን በሦስት ምድብ ከፈለ። ምድብ «ሀ» በመዋቅሮቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር የማይበልጥ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃን ወይም አነስተኛ የግል መኖሪያ ቤትን ይዟል። ምድብ «ሐ» የሕዝብ መገልገያዎችን፣ ፋብሪካዎችንና ከ12 ሜትር በላይ ቁመት ያላቸውን ሕንፃዎች ሲይዝ፣ ምድብ «ለ» በመካከል ያሉትን ይይዛል። ምድቡ ከፍ ባለ ቁጥር የሚጠየቀው የባለሙያ ደረጃና ቁጥጥርም ከፍ ይላል።

ተጠያቂነት በብዛት የሚነሳባቸው ሁኔታዎች

ትልቁ ስጋት ሁልጊዜ ከስሌት ስህተት አይመጣም። ብዙ ጊዜ ጉዳት የሚመጣው ሥራ ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው ሲተላለፍ ነው፤ እያንዳንዱ ሌላው ያየው ሲመስለው ማንም ሳያየው ያልፋል።

አፈርና ስታንዳርድ ንድፍ፦ ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያ ብዙ ጊዜ በስታንዳርድ ንድፍ ይሠራሉ። ንድፉ አንድ ቢሆንም መሬቱ አንድ አይደለም። በደቡብ ጎንደር ዞን ውስጥ ብቻ ከደብረ ታቦር ኮረብታዎች ወደ ፎገራ ሜዳ ሲወረድ ከፍታው ከ2,700 ሜትር ገደማ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ይቀንሳል። ሜዳው ላይ ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። በዚህ እብጠት ይበልጥ የሚጎዳው ቀላል ሕንፃ ነው፤ ክብደቱ አፈሩን ተጭኖ መያዝ አይችልም። ስለዚህ አነስተኛ ቁጥጥር የሚደረግለት ባለ አንድ ፎቅ የግል ቤት በአፈር ረገድ ከትልቅ ሕንፃ የበለጠ ሊጎዳ ይችላል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የርብና የጉማራ ወንዞች ሞልተው ፎገራንና ሊቦ ከምከምን ባጥለቀለቁ ጊዜ እንደታየው፣ በሜዳው ላይ የወለል ከፍታም የንድፍ ጥያቄ ነው። በጉና ተራራ ዙሪያ ባሉ ተዳፋት ቦታዎች ደግሞ ዋናው ጉዳይ የድጋፍ ግንብና የጎርፍ ማስወገጃ ነው። የአፈር ምርመራ ካልተደረገ ጥያቄው ማን አላዘዘም፣ ማን አልከፈለም፣ ማንስ ሳይኖር ፈረመ የሚል ይሆናል።

በግንባታ መካከል የሚደረግ ለውጥ፦ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 17 ቀን 1981 በአሜሪካ ካንሳስ ሲቲ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆቴል ውስጥ የተንጠለጠሉ መተላለፊያዎች ወድቀው 114 ሰዎች ሞቱ። መተላለፊያዎቹን የያዘው የብረት ዘንግ አንድ ወጥ እንዲሆን ነበር የታሰበው። ለመግጠም እንዲመች በሁለት ተከፈለ፤ በዚህም በላይኛው መተላለፊያ መጋጠሚያ ላይ የሚያርፈው ጭነት እጥፍ ሆነ። ለውጡ በወረቀት ላይ አልፏል፣ ነገር ግን እንደገና አልተሰላም። ኃላፊነቱን የወሰዱት መሐንዲሶች የሙያ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ።

ጊዜያዊ መዋቅሮች፦ መስከረም 21 ቀን 2018 ዓ.ም. በአማራ ክልል ሰሜን ሸዋ፣ ምንጃር ሸንኮራ ወረዳ፣ በአረርቲ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ለግንባታ የቆመ የእንጨት መወጣጫ ለክብረ በዓል ሕዝብ በተሰበሰበበት ተደርምሶ ቢያንስ 36 ሰዎች ሞቱ፤ ከ200 በላይ ቆሰሉ። መወጣጫና የአርማታ መደገፊያ ብዙ ጊዜ በሕንፃው ንድፍ ውስጥ አይሳሉም። ማን ያሰላቸዋል፣ ማን ይፈትሻቸዋል፣ ማን ሰው እንዳይወጣ ይከለክላል የሚለው በውል ካልተጻፈ ኃላፊነቱ ባለቤት ያጣል። በደጋ አካባቢ ሌላም ነገር ይጨመራል፤ ቀዝቃዛ ሌሊት አርማታ የሚጠነክርበትን ፍጥነት ስለሚቀንስ በቆላ የተለመደው የድጋፍ ማንሻ ቀን በደብረ ታቦር ላይበቃ ይችላል።

ፍተሻና ርክክብ፦ ኮሚሽኒንግ የሚባለው ሥራ የሕንፃው ኤሌክትሪክ፣ ውኃ፣ ጄኔሬተር፣ አሳንሰርና የእሳት መከላከያ እንደታሰበው መሥራታቸውን ከርክክብ በፊት መፈተሽ ነው። እዚህ ላይ ከፍታ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። በደብረ ታቦር ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 72 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ቱርቦ የሌለው የናፍጣ ጄኔሬተር የሚያገኘው ኦክስጅን ስለሚያንስ በሰሌዳው ላይ የተጻፈውን ኃይል አያወጣም። ፓምፕ ውኃን ከታች ስቦ ሊያነሳ የሚችልበት የመጨረሻ ከፍታ በባሕር ጠለል 10 ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በዚህ ከፍታ በስሌት ከ7.5 ሜትር በታች ይወርዳል፤ በተግባር ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በሆስፒታል ውስጥ ያለው የሕክምና ዕቃ ማምከኛ (አውቶክሌቭ) የግፊት መለኪያው በባሕር ጠለል 121 ዲግሪ በሚያሳይበት ቦታ ላይ ቢቆም እንኳ ውስጡ ያለው እንፋሎት 116 ዲግሪ ገደማ ብቻ ይሆናል። ግፊቱን ብቻ አይቶ «ይሠራል» ብሎ የፈረመ ባለሙያ በደንብ ያልመከነ ዕቃ ለታካሚ እንዲደርስ መንገድ ከፈተ ማለት ነው።

ስጋትን መቀነሻ መንገዶች

የመጀመሪያው እርምጃ የሥራውን ወሰን በውል ውስጥ ለይቶ መጻፍ ነው። ንድፍ ማውጣት፣ ግንባታን አልፎ አልፎ መጎብኘትና በየቀኑ መቆጣጠር ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። በወር አንድ ቀን ለመጎብኘት የተስማማ ባለሙያ «ግንባታውን እቆጣጠራለሁ» ብሎ ከፈረመ በሌለበት ለተሞላው አርማታ ሁሉ ሊጠየቅ ይችላል። «ሕንፃው ምንም ጉድለት አይኖረውም» ዓይነት ማረጋገጫ መስጠትም ሕግ ከሚጠይቀው የሙያ ጥንቃቄ አልፎ ውጤቱን ዋስ መሆን ነው።

ሁለተኛው ጥሩ መዝገብ መያዝ ነው። የቃል ትእዛዝ በዚያው ቀን በሳይት መዝገብ ላይ መጻፍና መፈረም አለበት። የአፈር ምርመራ እንዲደረግ የቀረበ ሐሳብ፣ የባለቤቱ መልስ፣ የአርማታ ናሙና ውጤት፣ የለውጥ ጥያቄና በመጨረሻ እንደተሠራው የተሳለው ንድፍ ቢያንስ የ10 ዓመቱ ጊዜ እስኪያልፍ መጠበቅ ይኖርባቸዋል። በፍተሻ ጊዜም «ተሞክሯል» ከማለት ይልቅ የተለካውን ቁጥር፣ ቀኑን፣ በቦታው የነበሩትን ሰዎችና ያልተሞከረውን ነገር መጻፍ ይሻላል።

ሦስተኛው ሌላ ዓይን ነው። ንድፉን ያልሠራ ሰው ስሌቱን እንዲያየው ማድረግ፣ ማንኛውም ለውጥ ወደ ንድፍ አውጪው ሳይመለስ እንዳይሠራ መከልከል፣ ከችሎታ በላይ የሆነን ሥራም አለመቀበል ያስፈልጋል። ለወዳጅ ወይም ለዘመድ በነጻ የተደረገ ፊርማም ፊርማ ነው፤ ገንዘብ አለመቀበል ብቻውን ከኃላፊነት አያድንም።

የሙያ ኃላፊነት መድን

የሙያ ኃላፊነት መድን ባለሙያው በሥራ ጥፋቱ ምክንያት የሚጠየቀውን ካሣ መድን ሰጪው እንዲከፍልለት የሚያደርግ ውል ነው። ይህን ዓይነት ሽፋን ከሚሰጡት መካከል የኢትዮጵያ መድን ድርጅት ይገኝበታል። ባለሙያው በየጊዜው አረቦን ይከፍላል።

ውሉን ሲያነቡ አራት ነገሮች መታየት አለባቸው። አንደኛው መድን ሰጪው የሚከፍለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ሁለተኛው መድን ገቢው ራሱ የሚሸከመው ድርሻ ነው። ለምሳሌ ጣሪያው 2 ሚሊዮን ብር፣ የራስ ድርሻው 100,000 ብር ቢሆንና ካሣው 1.5 ሚሊዮን ብር ቢፈረድ፣ መድን ሰጪው 1.4 ሚሊዮን ብር ይከፍላል። ካሣው ከጣሪያው ካለፈ ትርፉ ከባለሙያው ኪስ ይወጣል። ሦስተኛው ያልተሸፈነው ነው፤ ሆን ተብሎ የተፈጸመ ጥፋት፣ የወንጀል መቀጮና ባለሙያው በውል የሰጠው ልዩ ማረጋገጫ ብዙውን ጊዜ ከሽፋን ውጭ ናቸው።

አራተኛው ጊዜ ነው። እንዲህ ያለው መድን በብዙ አገሮች የሚሠራው ስህተቱ በተፈጸመበት ሳይሆን የካሣ ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ ባለው ውል ነው። ሥራ ላይ ሳለ ለዓመታት አረቦን የከፈለ፣ ጡረታ ሲወጣ ያቋረጠ መሐንዲስ ከዚያ በኋላ ለሚቀርብበት ጥያቄ ሽፋን ላይኖረው ይችላል። ችግር መኖሩን እንዳወቀ ለመድን ሰጪው በጽሑፍ ማሳወቅና ያለ እርሱ ፈቃድ ጥፋትን አምኖ አለመፈረምም የተለመዱ ግዴታዎች ናቸው። ይህ ማለት ግን አደጋን መደበቅ አይደለም፤ ሰው ያለበት ሕንፃ የሚያሰጋ ከሆነ ቅድሚያ የሚሰጠው ነዋሪውን ማስጠንቀቅ ነው።

መድን ገንዘብን ይተካል። የተጎዳ ሰው ካሣ እንዲያገኝ፣ ባለሙያውም በአንድ ስህተት ቤት ንብረቱን እንዳያጣ ይረዳል። የመሠረቱን አፈር፣ የመወጣጫውን እግርና የጄኔሬተሩን ኃይል ማየት ግን ሕንፃው ሰው ከመቀበሉ በፊት በቦታው በተገኘ ባለሙያ ብቻ የሚሠራ ሥራ ነው።