ያውቁ ኖሯል? ሥጋ የሚመልሰው ብርሃን

በጨለማ የእጅ ባትሪ አብርተው ጣትዎን ቢጋርዱበት ጣትዎ ፍም መስሎ ይቀላል። ደም ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ሰማያዊውንና አረንጓዴውን ብርሃን ውጦ ቀዩን ስለሚያሳልፍ ነው። ካንሰርን ከጤናማ ሥጋ በብርሃን የሚለዩ ሐኪሞች የሚጠይቁትም ይህንኑ ነው፤ የትኛው ብርሃን ተዋጠ? የትኛውስ ተመለሰ?

ያውቁ ኖሯል? በ19ኛው መቶ ዘመን መባቻ ፊሊፕ ቦዚኒ የተባለ የፍራንክፈርት ሐኪም የሰውን የውስጥ አካል ለማየት የሠራው መሣሪያ ብርሃኑን የሚያገኘው ከሻማ ነበር፤ ብርሃኑን የሚመራለት መስታወት ነው። የዛሬው ኢንዶስኮፕ ቅድመ አያት ያ ነው።

ያውቁ ኖሯል? ካንሰር ሲያድግ ቀለቡን የሚያመጡለት አዳዲስ የደም ሥሮች ያበቅላል። በኢንዶስኮፕ በኩል ነጩን ብርሃን ትቶ 415 እና 540 ናኖ ሜትር ርዝመት ያላቸውን ሰማያዊና አረንጓዴ ሞገዶች ብቻ መላክ ይቻላል። ሁለቱንም ደም አጥብቆ ስለሚውጣቸው ሥሮቹ ጠቁረው ቁልጭ ይላሉ። በነጭ ብርሃን ምንም ያልመሰለው የጉሮሮ ቧንቧ ግድግዳ ቡናማ እድፍ ያወጣል። የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ ስንቱን ቤት እንዳጎደለ የሚያውቅ ሰው ይህችን እድፍ አይንቃትም።

ያውቁ ኖሯል? የጤናማ ህዋስ አስኳል ስፋቱ ከ5 እስከ 10 ማይክሮ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ካንሰር በሚያመራ ህዋስ ግን እስከ 20 ሊደርስ ይችላል። አስኳሉ ሲተልቅ ብርሃንን የሚበትንበት መንገድም ይለወጣል። ሌቭ ፔሬልማን የተባለ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ከሥጋ ተንጸባርቆ ከሚመለሰው ብርሃን ብቻ የአስኳሎችን መጠን መለካት እንደሚቻል አሳይተዋል። ቢሆንም የመጨረሻውን ቃል የሚናገረው እስካሁንም ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ የሚታየው ናሙና ነው።

ያውቁ ኖሯል? በአገራችን ጤና ጣቢያዎች በየቀኑ የሚሠራበት የብርሃን ምርመራ ዋና ግብዓቱ አቼቶ ውስጥ ያለው አሲድ ነው። አዋላጇ ወይም ነርሷ ከ3 እስከ 5 በመቶ የሆነ አሴቲክ አሲድ የነካ ጥጥ የማህፀን በር ላይ ታደርግና 1 ደቂቃ ያህል ትጠብቃለች። ጤናማው ሥጋ ሮዝ እንደሆነ ይቆያል። አስኳላቸው የተጨናነቀ ህዋሳት ያሉበት ቦታ ግን ይነጣል፤ አሲዱ ፕሮቲናቸውን ለጊዜው ስለሚያረጋው ብርሃኑ ከሥር ወዳሉት ቀይ የደም ሥሮች ሳይዘልቅ ከላይ ይመለሳል። ነጩ ምልክት ከደቂቃዎች በኋላ ይጠፋል። ይህ በሠለጠነ ሰው እጅ ብቻ የሚደረግ ምርመራ ነው፤ የወጥ ቤቱን አቼቶ ይዞ በቤት የሚሞከር አይደለም።

ሙምባይ ውስጥ የታታ መታሰቢያ ሆስፒታል ተመራማሪዎች በዚሁ ምርመራ ላይ 150,000 ያህል ሴቶችን ያሳተፈ ጥናት አካሂደው ነበር። መርማሪዎቹ ለአጭር ጊዜ የሠለጠኑ፣ ሐኪም ያልሆኑ ሴቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2013 ይፋ በሆነው ውጤት፣ በየሁለት ዓመቱ ምርመራው በቀረበላቸው ሴቶች ዘንድ በማህፀን በር ካንሰር የሚደርሰው ሞት በ31 በመቶ ቀንሷል። ጥጥ፣ አሲድ፣ መብራትና የሠለጠነ ዓይን ይህን አደረጉ! ዕድሜዎ ከ30 እስከ 49 ከሆነ ምርመራውን ይጠይቁ፤ እናትዎ ካረጡ ግን የሚታየው ቦታ ወደ ውስጥ ስለሚሸሽ ኤችፒቪ የተባለውን ቫይረስ የሚፈልገው ምርመራ ይሻላቸዋል።

ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በጥር 2024 አሜሪካ ውስጥ ፈቃድ ያገኘ ደርማሴንሰር የተባለ የእጅ መሣሪያ ቆዳ ላይ ብርሃን ረጭቶ የሚመለሰውን ያነባል። ይሁንና ለቆዳ ቀለሙን የሚሰጠው ሜላኒን ራሱ ብርሃን ይውጣል፤ ስለዚህ በጥቁር ቆዳ ላይ ተጨማሪ ጥናት እንዲደረግ ተጠይቋል። በእኛ መልክ ባላቸው ሰዎች ዘንድ ደግሞ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ብዙ ጊዜ የሚወጣው ሜላኒን በሚሳሳበት በውስጥ እግር ላይ ነው። ዛሬ ማታ እግርዎን ሲታጠቡ ገልበጥ አድርገው ይዩት።