ከቀይ ጭቃ የሚወጣ ብረት

የአሉሚኒየም ኢንዱስትሪ አንድ ከባድ ዕዳ አለበት፤ ይኸውም ቀይ ጭቃ የሚባለው ዝቃጭ ነው። ቦክሳይት የተባለው ማዕድን በኮስቲክ ሶዳ ተቀቅሎ አሉሚናው ከተለየ በኋላ፣ የቀረው ጭቃ ገዢ ስለሌለው በግድብ ይጠራቀማል። እ.ኤ.አ. በ2010 ዓ.ም. በሃንጋሪ አገር በአይካ ከተማ አጠገብ እንዲህ ያለው ግድብ ተደርምሶ 10 ሰዎች ሞተዋል።

ይሁን እንጂ ጭቃውን ያቀላው በውስጡ ያለው የብረት ኦክሳይድ፣ ማለት ዝገት ነው። በጀርመን አገር በዱስልዶርፍ የሚገኘው የማክስ ፕላንክ ተቋም ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ2024 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት፣ 15 ግራም ያህል ጭቃ በኤሌክትሪክ ምድጃ አቅልጠው፣ በከሰል ፈንታ በሃይድሮጂን አማካይነት በ10 ደቂቃ ውስጥ ብረቱን ለይተው አውጥተዋል።

የነጋዴው ጥያቄ ግን ያዋጣል ወይ የሚል ነው። በሊቃውንቱ ስሌት መሠረት፣ ከመቶ 50 እጅ የብረት ኦክሳይድ ያለበት ጭቃ ወጪውን ይችላል፤ ለማስወገጃው የሚከፈለው ገንዘብ ከታሰበ ደግሞ 35 እጅ ይበቃል። እንግዲህ ግድብ ለመሥራትና ለመጠበቅ የሚወጣው ገንዘብ ከብረቱ ሽያጭ ጋር እንደ ገቢ ይቈጠራል ማለት ነው።

ሙከራው የተደረገው በግራም ነው፤ በዓለም በያመቱ የሚወጣው ቀይ ጭቃ ግን 180 ሚሊዮን ቶን ያህል ይገመታል። ከግራም ወደ ቶን ለመድረስ ርካሽ ኤሌክትሪክና ደፋር ባለገንዘብ ያስፈልጋል።