ስለ ጠገራ ብርና ስለ ምኒልክ ብር፤ የማተሚያ ስሕተትና የኋላ ጉዳት የሚለዩበት መንገድ



በቡሬ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በደምበጫና በአካባቢው ባለው የጎጃም ገጠር ከአያት ከቅድመ አያት የተላለፈ ጠገራ ብር በሣጥን አስቀምጦ የሚኖር ሰው ዛሬም አይጠፋም። ይህ ብር ለሽያጭ በወጣ ጊዜ ገዢው በሚዛን አስቀምጦ በግራም ብቻ ሲገምተው ሻጩ ምን እንዳጣ ሳያውቅ ይቀራል። በሌላ በኩል ደግሞ «ስሕተት ያለበት ብር ውድ ነው» የሚል ወሬ የሰማ ሰው በሞረድ የተበላሸውን ጠገራ በብዙ ገንዘብ ገዝቶ ይከስራል። ስለዚህ በዛሬው ንግግራችን በማተሚያው ቤት የተፈጠረው ስሕተት ከዚያ በኋላ በሰው እጅ ከደረሰው ጉዳት በምን እንደሚለይ ለማስረዳት እንሞክራለን።

ከሁሉ አስቀድሞ በጠገራው ላይ ያለው ዓመት ማንንም እንዳያታልል ያስፈልጋል። የኦስትሪያ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችው በፈረንጆች አቈጣጠር በ1780 ነው። ከዚያ ወዲህ የታተመው ጠገራ ሁሉ ያንኑ 1780 የሚለውን ቍጥር እንደ ያዘ ቀርቷል። በቪየና፣ በሚላኖ፣ በቬኔሲያ ታትሟል፤ ኢጣልያ አገራችንን በወረረችበት በ1935 (እንደ ፈረንጆቹ) በሮማ ማተም ስትጀምር፣ እንግሊዞች በ1936 በለንደን፣ ኋላም በጦርነቱ ዘመን በቦምቤይ አትመውታል። የቪየናው ማተሚያ ቤትማ እስከ ዛሬም ያትመዋል።

ይህ ነገር የጎጃምን ሰው በተለይ ይመለከተዋል። በ1933 ዓ.ም. ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ሲገቡ፣ አርበኞችና አብሮ የዘመተው የእንግሊዝ ጦር በቡሬ በኩል ወደ ደብረ ማርቆስ ባለፉበት ጊዜ፣ ለስንቅና ለአጋሰስ ይከፈል የነበረው ይኸው ጠገራ ነበር። እንግዲህ በቡሬ ገጠር «ከዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ጀምሮ የነበረ ነው» እየተባለ የተቀመጠው ብር በለንደን ወይም በቦምቤይ የታተመ ሆኖ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። የታተመበት ስፍራ የሚለየው በዓመተ ምሕረቱ ሳይሆን በጥቃቅን ምልክቶች ነው። የንስሩ የጅራት ላባዎች ቍጥርና አደራደር፣ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለው የካባ ማያያዣ ጌጥ ቅርጽ፣ የፊደሎቹ ውፍረት ከማተሚያ ቤት ወደ ማተሚያ ቤት ይለያያሉ። የእነዚህ መለያየት ግን ስሕተት አይባልም፤ ሌላ ማተሚያ መሆኑን ብቻ ያስረዳል።

የቀድሞ ነጋዴዎቻችን ይህን የመሰለውን ምርመራ ከማንም ሳይማሩ ያውቁት ነበር። የዘጠነኛው ምእት ዓመት ሳይሆን የዐሥራ ዘጠነኛው ምእት ዓመት መንገደኞች እንደ ጻፉት፣ ባላገሩ ጠገራ ሲቀበል በትከሻው ጌጥ ላይ ያሉትን ሉሎች ይቈጥራል፤ ከምስሉ በታች ያሉት ኤስና ኤፍ የሚባሉት ሁለት የላቲን ፊደሎች ጎልተው መታየታቸውን ይመለከታል፤ ሉሉ የጠፋውን ወይም ፊደሉ የደበዘዘውን ብር አልቀበልም ብሎ ይመልሰዋል። ፈረንጆቹ በዚህ ይገረሙ ነበር፤ ለእኛ ግን አያስገርመንም፤ ሉሉና ፊደሉ ከብሩ ገጽ ከፍ ብለው ስለሚገኙ በመጀመሪያ የሚያልቁት እነርሱ ናቸውና። ዛሬ ብር ሰብሳቢዎች የብርን ደረጃ የሚያወጡት በዚሁ መንገድ ነው። በጠገራው ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለውን ጠጕር፣ የትከሻውን ጌጥና የንስሩን ደረት፤ በምኒልክ ብር ላይ የዘውዱን ጌጥና የአንበሳውን ጋማ ይመለከታሉ። እነዚህ ከፍተኛ ስፍራዎች ጥርት ብለው ከታዩ ብሩ ብዙ አልተገበያየም ማለት ነው። ልሙጥ ሆነው ጽሑፉ ብቻ ከቀረ ደረጃው መካከለኛ ነው፤ ጽሑፉም ከጠፋ የብሩ ዋጋ የብርነቱ ዋጋ ብቻ ይሆናል።

አሁን ወደ ስሕተቱ እንመለስ። ገንዘብ የሚታተመው ያልተጻፈበት የብር ጥፍጥፍ ምስል በተቀረጸባቸው ሁለት የብረት ማተሚያዎች መካከል ገብቶ በኃይል ሲመታ ነው። በማተሚያው ላይ ጎድጉዶ የተቀረጸው በብሩ ላይ ከፍ ብሎ ይወጣል። ይህን አንድ ነገር የያዘ ሰው ብዙ አይሳሳትም። ማተሚያው ከሥራ ብዛት የተሰነጠቀ እንደ ሆነ ብሩ ወደ ስንጥቁ ስለሚገባ በገንዘቡ ላይ ቀጭን መስመር ከፍ ብሎ ይታያል። በቢላዋ ወይም በምስማር የተጫረ ብር ግን መስመሩ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ነው። ጥፍሩን በቀስታ ያሳለፈ ሰው ከፍታውንና ጉድጓዱን ለመለየት ይችላል።

ጥፍጥፉ በመካከል ሳይቀመጥ የተመታ ከሆነ ምስሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል፤ በአንዱ ጠርዝ ፊደሎች ይቈረጣሉ፣ በሌላው ባዶ ስፍራ ይሰፋል። ሁለት ጊዜ የተመታው ደግሞ ፊደሉና ምስሉ ተደራርበው ይታያሉ። ማተሚያው ላይ ቅባት ወይም ቆሻሻ ሞልቶበት ከሆነ አንድ ፊደል ደብዝዞ ወይም ጨርሶ ጠፍቶ ይወጣል፤ ነገር ግን በዙሪያው የመፋቅ ምልክት አይኖርም። ብዙ ሰው የሚታለለው ጠርዙ በጎደለው ብር ነው። ጥፍጥፉ ሲቈረጥ ጎድሎ የነበረ እንደ ሆነ፣ በጎደለው ስፍራ አጠገብ ያሉት ፊደሎች ወደ ጉድለቱ ተስበው ይደክማሉ። በሞረድ የተበላው ግን ፊደሉን ሳያደክም እንደ ቢላዋ ይቈርጠዋል፤ የሞረዱም ጭረት በጠርዙ ላይ ይቀራል። ብር እየፋቁ ፍርፋሪውን ለአንጥረኛ መሸጥ የቈየ ሌብነት ስለ ሆነ ይህን የመሰለው ጠገራ ብዙ ነው።

በምኒልክ ብርም ላይ እንዲሁ ስሕተት መስሎ የሚታይ ስሕተት ያልሆነ ነገር አለ። ዐፄ ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ባወጁት መሠረት በፓሪስ ያሳተሙት ብር፣ የመጀመሪያው ፲፰፻፹፯ የሚል ዓመተ ምሕረት አለበት። በአንዳንዱ ላይ አንበሳው ያነሣው ግራ እግሩን ነው፤ በአንዳንዱ ላይ ቀኝ እግሩን ነው። ይህን አይተው «የተሳሳተ ምኒልክ ነው» ብለው ዋጋ የሚያስወድዱ ሰዎች አሉ፤ ነገር ግን ሁለቱም በትእዛዝ የተቀረጹ ናቸው። በ፲፱፻፴፮ ዓ.ም. ስም የታተመው የመዳብ 25 ሣንቲምም ከዚህ ይመሳሰላል። መጠኑ ከብሩ 50 ሣንቲም ጋር ስለ ተቀራረበ ተንኰለኞች ብር እየቀቡ እንደ 50 ሣንቲም ያሳልፉት ነበር። መንግሥት ክቡን ሰብስቦ ጠርዙ እንደ አበባ ቅጠል የተጎራበጠውን አወጣ። ከእነዚህም አንዳንዱ በእጅ ስለ ተቈረጠ ጠርዙ ሻካራ ነው፤ ይህም የማተሚያ ስሕተት አይደለም።

አስመሳዩን ለመለየት ሚዛኑ ይረዳል። ደኅና ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። የምኒልክም ብር ክብደቱ ከዚሁ እምብዛም አይለይም። በቅርጽ ፈስሶ የተሠራው አስመሳይ ፊደሎቹ ሳሙና የነካቸው ይመስላሉ፤ ገጹ ጥቃቅን ቀዳዳ አለበት፤ በጠርዙም ዙሪያ የመጋጠሚያው መስመር ይታያል። በደኅናው ጠገራ ጠርዝ ላይ ግን ፍትሕና ምሕረት ማለት የሆነው የላቲን ጽሑፍ ይገኛል።

አሁን በጣም የሚያሳዝነውን ነገር እንናገር። ባለቤቱ ብሩን ለገዢ ከማሳየቱ በፊት እንዲያበራለት በአመድ፣ በአሸዋ ወይም በሎሚ ይፈትገዋል። በዓመታት ብዛት በብር ላይ የሚወጣው ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ሰብሳቢው ብሩ እንዳልተነካ የሚያውቀው በእርሱ ነው። የተፈተገ ብር ጭረቱ በብርሃን ፊት ሲያዘነብሉት ይታያል፤ በዚህ ምክንያት ስሕተት ያለበት እውነተኛ ብር እንኳ ከደረጃው ይወርዳል። ለአንገት ጌጥ ማንጠልጠያ ተበይዶለት የነበረውም እንዲሁ ነው፤ ብየዳው ቢነቀልም ጠባሳው አይጠፋም። (ይህን ስንል የእናቶቻችንን ጌጥ ለመንቀፍ አይደለም፤ ጌጥነቱ የራሱ ክብር አለውና እንደ ጌጥ ይጠበቅ።)

ብሩን ለመሸጥ የሚያስብ ሰው ቢቻል ከሁለት ገዢ በላይ ያነጋግር፤ ሚዛኑንም ራሱ ይመልከት። ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ግን በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ ወደ ውጭ አገር እንላክልህ የሚሉትን ፈቃዳቸውን ይጠይቅ። ለማስቀመጥ የሚፈልግ ደግሞ ብሩን ጠርዙን ብቻ ይዞ ያንሣው፤ እያንዳንዱንም እርስ በርሱ እንዳይፋተግ በንጹሕና በደረቅ ወረቀት ለየብቻው ጠቅልሎ እርጥበት በሌለበት ስፍራ ያኑረው።