ዋናውና ግልባጩ፡ የኪንግ ክሪምሰን አልበም ዳግም ዝግጅት

አንድ የሙዚቃ ሥራ ታትሞ ለአድማጭ ከደረሰ በኋላ ድምፁ መጀመሪያ የተቀረጸበት ክር የት እንደተቀመጠ የሚጠይቅ እምብዛም አይገኝም። ይሁን እንጂ ሥራው ከዓመታት በኋላ በተሻለ ጥራት ዳግም እንዲታተም ሲፈለግ ወሳኙ ጥያቄ ይኸው ይሆናል። የእንግሊዙ ኪንግ ክሪምሰን የሙዚቃ ቡድን እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመው "ኢን ዘ ኮርት ኦፍ ዘ ክሪምሰን ኪንግ" የተሰኘው አልበም ለዚህ ዓይነተኛ ማሳያ ነው።

የአልበሙ አመጣጥ

ቡድኑ ልምምዱን የጀመረው እ.ኤ.አ. በጥር 1969 በለንደን ሲሆን፣ አባላቱም ጊታሪስቱ ሮበርት ፍሪፕ፣ የሳክስፎን፣ የዋሽንትና የኪቦርድ ተጫዋቹ ኢያን ማክዶናልድ፣ ድምፃዊውና ቤዝ ጊታሪስቱ ግሬግ ሌክ፣ ከበሮ መቺው ማይክል ጋይልስ እንዲሁም የግጥም ደራሲው ፒተር ሲንፊልድ ነበሩ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 5 ቀን ሮሊንግ ስቶንስ በለንደኑ ሃይድ ፓርክ ባቀረበው ነፃ ዝግጅት ላይ ተካፍለው በብዙ ሕዝብ ፊት ተጫውተዋል።

ቀረጻው መጀመሪያ በአንድ ታዋቂ ፕሮዲዩሰር መሪነት ቢሞከርም አጥጋቢ ውጤት አላስገኘም። በመሆኑም ወጣቶቹ ሥራውን ራሳቸው ለመምራት ወስነው በለንደኑ ዌሴክስ ስቱዲዮ በበጋው ወራት አጠናቀቁ። አምስት ዜማዎችን የያዘው አልበም እ.ኤ.አ. ጥቅምት 10 ቀን 1969 በአይላንድ ሬከርድስ አማካይነት ለገበያ ቀርቦ በብሪታኒያ የሽያጭ ሠንጠረዥ የአምስተኛነትን ደረጃ አግኝቷል።

አልበሙ የሮክን ጉልበት ከጃዝ ነፃ አጨዋወትና ከምዕራባውያን ክላሲካል ሙዚቃ አደረጃጀት ጋር በማዋሀዱ፣ ፕሮግረሲቭ ሮክ ተብሎ ለሚታወቀው ስልት መሠረት ከጣሉ ሥራዎች መካከል ይቆጠራል። በውስጡ ጎልቶ የሚሰማው ሜሎትሮን የተባለው መሣሪያ ነው። ይህ መሣሪያ እያንዳንዱ ቁልፉ ሲነካ አስቀድሞ የቫዮሊን ወይም የሌላ መሣሪያ ድምፅ የተቀዳበትን ክር የሚያጫውት በመሆኑ፣ ጥቂት ሰዎች የትልቅ ኦርኬስትራን ስሜት እንዲፈጥሩ አስችሏል።

ዳግም ዝግጅት ሲባል ምን ማለት ነው?

የዚያ ዘመን አልበም በሦስት ደረጃዎች አልፎ ይዘጋጅ ነበር። በመጀመሪያው ደረጃ የእያንዳንዱ መሣሪያና የድምፃዊው ድምፅ በሰፊ ማግኔታዊ ክር ላይ በተለያዩ መስመሮች ይቀረጻል። ለዚህ አልበም ጥቅም ላይ የዋለው መቅረጫ ስምንት መስመሮች ነበሩት። በሁለተኛው ደረጃ እነዚህ መስመሮች ተመጣጥነውና ተቀላቅለው ወደ ግራና ቀኝ ማለትም ወደ ስቴሪዮ ይለወጣሉ፤ ይህም የሥራው ዋና ክር ይሆናል። በሦስተኛው ደረጃ ዋናው ክር የድምፅ መጠኑና ሚዛኑ ተስተካክሎ ለሸክላ ህትመት ይዘጋጃል።

በተለምዶ "ሪማስተር" የሚባለው ሦስተኛውን ደረጃ ብቻ በአዲስ መሣሪያ መድገም ነው። "ሪሚክስ" የሚባለው ግን ወደ መጀመሪያዎቹ ስምንት መስመሮች ተመልሶ ቅልቅሉን እንደ አዲስ መሥራት ነው። አንደኛው የተጠናቀቀን ሰነድ አጥርቶ እንደ ማተም ሲሆን፣ ሁለተኛው ወደ መነሻ ረቂቆቹ ተመልሶ ሰነዱን ዳግም እንደ ማጠናቀር ነው። በሁለቱም ረገድ ግን ውጤቱ የሚወሰነው በእጅ ባለው መነሻ ጥራት ነው።

ግልባጩ የዋናውን ቦታ ሲይዝ

ቅልቅሉ በተሠራበት ወቅት የስቴሪዮ መቅረጫው ማሽን የቀረጻ ራስ በትክክል ያልተስተካከለ በመሆኑ፣ የድምፁ ከፍተኛ ቃናዎች በከፊል ደብዝዘው የማይፈለግ መሻከርም ተፈጥሮ ነበር። አልበሙ በአሜሪካ በአትላንቲክ ሬከርድስ በኩል ሊታተም ሲል ይህን ጉድለት ለማረም ታስቦ ከዋናው ክር ላይ ልዩ ግልባጭ ተዘጋጀ። ዓላማው በጎ ቢሆንም ውጤቱ ያልታሰበ ነበር። የታረመው ግልባጭ ለሌሎች ግልባጮች መነሻ እየሆነ ሲሄድ፣ ዋናው ክር ግን በመጋዘን ተቀምጦ ያለበት ቦታ ተረሳ።

ማግኔታዊ ክር በተገለበጠ ቁጥር የራሱን ሹክሹክታ እየጨመረ ከመነሻው ዝርዝር ድምፆች እየቀነሰ ይሄዳል። ፎቶ ኮፒ የተደረገ ደብዳቤ እንደገና ፎቶ ኮፒ ሲደረግ ፊደሎቹ እየደበዘዙ እንደሚሄዱ ማለት ነው። በመሆኑም እ.ኤ.አ. በ1989 የወጣውን የሲዲ ቅጂ ጨምሮ በየጊዜው የተካሄዱት የማሻሻያ ሥራዎች፣ ባለሙያዎቹ የቱንም ያህል ቢጥሩ፣ ከግልባጭ መነሳታቸው ገደብ ሆኖባቸዋል።

የጠፋ ይመስል የነበረው የመጀመሪያው የስቴሪዮ ክር በ2000ዎቹ መጀመሪያ በአንድ የሙዚቃ ኩባንያ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተገኘ። እርሱን መሠረት ያደረገው ቅጂም እ.ኤ.አ. በ2004 ለአድማጭ ቀረበ። አልበሙ ከወጣ 35 ዓመታት ተቆጥረው ነበር።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 አርባኛው ዓመት ሲታሰብ፣ ሙዚቀኛውና የድምፅ ባለሙያው ስቲቨን ዊልሰን ከሮበርት ፍሪፕ ጋር በመተባበር ባለ ብዙ መስመር ክሮቹን መነሻ በማድረግ አዲስ የስቴሪዮና የዙሪያ ድምፅ ቅልቅል አዘጋጅቷል። እ.ኤ.አ. በ2019 ለሃምሳኛው ዓመትም ሥራው በድጋሚ ተከናውኗል።

እርማትና ታማኝነት

ዳግም ዝግጅት የቴክኒክ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በአልበሙ የመጀመሪያ ዜማ ላይ የግሬግ ሌክ ድምፅ ሻካራ ሆኖ የሚሰማው በአጋጣሚ ሳይሆን ሆን ተብሎ ነው። መሻከሩን ሁሉ እንደ ጉድለት ቆጥሮ የሚያጠራ ባለሙያ የሥራውን መንፈስ ያጠፋል። በአንጻሩ በማሽኑ ጉድለት የመጣውን መሻከር እንደ ኪነ ጥበብ ቆጥሮ መተውም ስህተት ይሆናል። ሁለቱን መለየት የሚቻለው ዋናውን ክር በማድመጥና የሥራውን ታሪክ በማወቅ ነው።

በ2009ኙ ዝግጅት "ሙንቻይልድ" የተሰኘው ረጅም ዜማ እንዲያጥር ሲደረግ፣ ሙሉው ቅጂም በተጨማሪነት መካተቱ በዚህ ረገድ ተጠቃሽ ነው። አዘጋጆቹ የራሳቸውን ፍርድ ቢሰጡም አድማጩ ከቀድሞው ጋር የሚያነጻጽርበትን ዕድል አልነፈጉትም።

ከአልበሙ ፈጣሪዎች መካከል ግሬግ ሌክ እ.ኤ.አ. በ2016፣ ኢያን ማክዶናልድ በ2022፣ ፒተር ሲንፊልድ ደግሞ በ2024 ሕይወታቸው አልፏል። የሽፋኑን ሥዕል የሠራው የኮምፒውተር ፕሮግራም ባለሙያው ባሪ ጎድበር አልበሙ በወጣ በወራት ውስጥ፣ በ1970፣ ገና በወጣትነቱ ማረፉ ይታወቃል። ሠሪዎቹ ሲያልፉ ስለ ሥራው ሊመሰክር የሚችለው የተቀመጠው ክር ብቻ ነው።

ከአልበሙ ታሪክ እንደሚታየው ዋናው ክር አልተቃጠለም፤ አልተሰረቀምም። ተቀምጦ ሳለ ያለበት ቦታ ባለመታወቁ ብቻ ከሦስት አሥርት ዓመታት በላይ እንደ ጠፋ ተቆጠረ። ዋናን ከግልባጭ ለይቶ መመዝገብ፣ እርማት የተደረገበትን ቅጂ እርማት የተደረገበት መሆኑን በግልጽ ማስፈር እንዲሁም የተቀመጠበትን ቦታ ማሳወቅ የሙዚቃ ኩባንያዎች ብቻ ተግባር እንዳልሆነ መዝገብ የሚይዝ ማንኛውም ባለሙያ የሚረዳው ነው። በሥርዓት ያልተመዘገበ ዋና ቅጂ በመደርደሪያ ላይ ቢኖርም እንደሌለ ይቆጠራል።