ትራክተር የማይደፍረው ተዳፋት

የሰኔ ሰማይ ሲከብድ የትራክተር ወረፋም ይበዛል። ዝናቡ ሳይጠና ማሳውን ለማሳረስ ተራ የሚጠብቀው አርሶ አደር ብዙ ነው። የትራክተሩ ባለቤት የሚከፈለው በታረሰው ሄክታር ልክ በመሆኑ ኦፕሬተሩ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ይጣደፋል። ሜዳው ታርሶ ሲያልቅ ግን ብዙ ጊዜ አንዲት ቁራሽ መሬት ትቀራለች፤ ወደ ገደሉ ወይም ወደ ወንዙ የምታዘነብል። ባለማሳው እሷም እንድትታረስለት ይለምናል፤ ኦፕሬተሩ ደግሞ ያመነታል። አደጋው የሚጠነሰሰው እዚህ ላይ ነው።

በአማራ ክልል እንደ ሞረትና ጅሩና ደብረ ኤልያስ ያሉ ወረዳዎች ለትራክተር የሚመች ሰፊ ሜዳ አላቸው። ይሁን እንጂ የደጋው ሜዳ እንደ ገበታ የተዘረጋ ቢመስልም ዳር ዳሩ ቁልቁለት ነው፤ የጅሩ ሜዳ ወደ ጀማ፣ የደብረ ኤልያስም ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርዳል። ስለዚህ የትኛው መሬት በትራክተር፣ የትኛውስ በበሬ መታረስ እንዳለበት መለየት የምርት ብቻ ሳይሆን የሕይወት ጉዳይም ነው።

ለምን ይገለበጣል?

ባለ ሁለት ጎማ ኃይል ትራክተር ክብደቱ የሚያርፈው በአብዛኛው በኋላ ጎማዎቹ ላይ ነው። ከመሬት ከፍ ያለ በመሆኑም በጎን ሲያዘነብል ሚዛኑን ቶሎ ይስታል። የላይኛው ጎማ ድንጋይ ወይም ጉብታ ላይ ቢወጣ፣ የታችኛው ደግሞ ቦይ ውስጥ ቢገባ፣ ተዳፋቱ ባይጨምርም ትራክተሩ ያለበት ዝንባሌ ይጨምራል። ፍጥነትም እንዲሁ ነው፤ በመታጠፊያ ላይ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል።

ወደ ኋላ መገልበጥ ደግሞ ይበልጥ ድንገተኛ ነው። ኦፕሬተሩ ዳገት ላይ ፍሪሲዮኑን በድንገት ሲለቅ ወይም ከባድ ጭነት ከፍ ካለ ቦታ አስሮ ሲጎትት የፊት ጎማዎቹ ይነሣሉ። ትራክተሩ ሙሉ በሙሉ ለመገልበጥ 2 ሰከንድ እንኳ አይፈጅበትም። በዚያ ቅጽበት አስቦ ፍሪሲዮን መርገጥ ለልምድ ባለቤትም አስቸጋሪ ነው።

በመሆኑም ዳገት መውጣት የግድ ከሆነ፣ በተለይ ከኋላ ማረሻ ለተሸከመ ትራክተር፣ የሚመከረው በኋላ ማርሽ ቀስ ብሎ መውጣት ነው፤ ከባዱ ወገን ወደ ላይ ይሆናልና። ሲወርድ ከመነሻው ዝቅተኛ ማርሽ መያዝ እንጂ ከማርሽ አውጥቶ በፍሬን ብቻ መንዳት አይገባም። ሞተሩ ዳገት መካከል ቢጠፋና ትራክተሩ ወደ ኋላ መንሸራተት ቢጀምር ፍሬኑን በድንገት መርገጥ የፊቱን ክፍል ሊያነሣው ይችላል። ወደ ዋና መንገድ ሲወጣም ሁለቱ የፍሬን ፔዳሎች በማያያዣቸው መቆለፍ አለባቸው፤ አንዱ ብቻ ከተረገጠ ትራክተሩ ወደ አንድ ጎን ይዞራል።

በገመድ የሚለካ ተዳፋት

የመሬትን ተዳፋት በዓይን መገመት ያሳስታል። መለኪያው ግን ከቀበሌው ሩቅ አይደለም። የልማት ጣቢያ ሠራተኞች እርከን የሚቀይሱበት ላይን ሌቭልና የ10 ሜትር ገመድ ይበቃል። የገመዱ አንድ ጫፍ ከላይ በኩል መሬት ላይ ይያዛል። ሌላው ጫፍ ወደ ቁልቁሉ ተወስዶ በገመዱ መሐል የተንጠለጠለው ላይን ሌቭል እኩል እስኪያሳይ ከፍ ይደረጋል። ከዚያ ጫፍ እስከ መሬት ያለው ቁመት 1 ሜትር ከሆነ ተዳፋቱ 10 በመቶ፣ 1 ሜትር ተኩል ከሆነ ደግሞ 15 በመቶ ነው።

የእያንዳንዱ ትራክተር አቅም በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ሰፍሯል። ለተለመደው ባለ ጎማ ትራክተር ግን 15 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። መሬቱ እርጥብ ዋልካ ከሆነ ደግሞ ከዚያ በታችም ያንሸራትታል።

እዚህ ላይ ሁለት ምክሮች ይጋጫሉ። የአፈር ጥበቃ ባለሙያው ማሳው ተዳፋቱን ተከትሎ አግድም እንዲታረስ ይመክራል፤ ሽቅብና ቁልቁል የታረሰ ትልም ጎርፍ ጠርጎ ይወስደዋልና። ለትራክተር ግን በአግድም መሄድ በጎን የመገልበጥ አደጋን ያባብሳል። መፍትሔው ሽቅብና ቁልቁል ማረስ አይደለም። ተዳፋቱ በአግድም ለመታረስ የሚያሰጋ ከሆነ ያ መሬት ለትራክተር አይሆንም፤ የበሬ፣ የሣር ወይም የዛፍ ነው። በ1997 ዓ.ም የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 456ም ከ60 በመቶ በላይ የሆነ ተዳፋት እንዳይታረስ፣ ከ31 እስከ 60 በመቶ ያለው ደግሞ የጠረጴዛ እርከን ሳይሠራለት እንዳይታረስ ደንግጎ ነበር።

በቦይና በእርከን ዳር ሲታረስም ቢያንስ የቦዩን ጥልቀት ያህል መራቅ ያስፈልጋል። ጥልቀቱ 2 ሜትር ከሆነ ጎማው 2 ሜትር ይራቅ። ያቺ ያልታረሰች ዳር ሣር ብታበቅል አፈሩንም ትይዛለች።

ሲያዝ እንዴት ይወጣ?

ዋልካ መሬት ላይ ትራክተር መያዙ አይቀርም። የኋላ ጎማዎቹ ጭቃው ውስጥ ተቀርቅረው መዞር ሲያቅታቸው ነዳጅ መስጠት አደገኛ ነው፤ ጎማውን ማዞር ያልቻለው ኃይል የትራክተሩን ፊት ወደ ላይ ያነሣዋል። ግንድ ከጎማው ጋር በሰንሰለት አስሮ ለመውጣት መሞከርም ውጤቱ ይኸው ነው። መጀመሪያ ማረሻውን መፍታት፣ ከጎማዎቹ ኋላ ያለውን ጭቃ በአካፋ መጥረግና በኋላ ማርሽ መሞከር ይቀድማል።

ሌላ ትራክተር የሚስብ ከሆነ ገመዱ መታሰር ያለበት በሳቢው ዝቅተኛ መጎተቻ ብረት ላይ ብቻ ነው። ከላይኛው የማረሻ ማያያዣ ላይ መታሰር የለበትም። አሳሳቡም ቀስ ተብሎ እንጂ በመንደርደር አይደለም።

ዊንች ያለው ተሽከርካሪ ከተገኘ ሥራው ይቀላል፤ ጥንቃቄው ግን ይጨምራል። የዊንቹ አቅም ከሚሳበው ክብደት ቢያንስ አንድ ጊዜ ተኩል መሆን አለበት፤ ለ3 ቶን ትራክተር 4 ቶን ተኩል ማለት ነው። አቅሙ ካነሰ ገመዱን በመዘውር አሳልፎ መመለስ የመሳብ ኃይሉን ወደ እጥፍ ያስጠጋዋል። በከበሮው ላይ ቢያንስ 5 ዙር ገመድ መቅረት ይኖርበታል። ከዛፍ ጋር የሚታሰር ከሆነም ዛፉ ትልቅና ሥር የሰደደ ይሁን፤ ለጋ ባሕር ዛፍ ይነቀላል። ማሰሪያው ሰፊ ቀበቶ ሆኖ ከግንዱ ግርጌ ይዞራል።

ትራክተር ሲያዝ ሕፃናትና መንገደኞች ይሰበሰባሉ። የተወጠረ የብረት ገመድ ቢበጠስ እንደ ጅራፍ ተወንጭፎ ሰው ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ተመልካቹ ከገመዱ ርዝመት አንድ ጊዜ ተኩል ያህል ይራቅ፤ ገመዱን መሻገር ክልክል ይሁን። በገመዱ መሐል አፈር የያዘ ጆንያ ማንጠልጠል ቢበጠስ ውርወራውን ያበርደዋል። ገመዱን የሚነካ ሰውም የቆዳ ጓንት ያድርግ።

የወረዳው ድርሻ

ጥንቃቄ ሁሉ ቢደረግም ትራክተር ይገለበጣል። ያኔ ሕይወት የሚያድነው ከመቀመጫው በላይ የሚቆመው መከላከያ ፍሬምና የደኅንነት ቀበቶው ነው። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1959 አዳዲስ ትራክተሮች ይህ ፍሬም እንዲኖራቸው ካስገደደች በኋላ በመገልበጥ የሚደርሰው ሞት ወደ መጥፋቱ ተቃርቧል። አውስትራሊያም ለእርሻ በሚውሉ ባለአራት ጎማ ሞተር ሳይክሎች ላይ ተመሳሳይ መከላከያ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ ግዴታ አድርጋለች።

ሕጉ ቀላል ነው፤ ፍሬም ካለ ቀበቶ ይታሰራል፣ ፍሬም ከሌለ ወይም ከታጠፈ አይታሰርም። በፓራፋንጎ ላይ ግን ማንም አይቀመጥ፤ ፍሬሙ የሚጠብቀው በመቀመጫው ላይ ያለውን አንድ ሰው ብቻ ነው።

ለማኅበራትና ለወጣቶች ትራክተር በብድር ሲገዛ ፍሬምና ቀበቶ መኖሩን መጠየቅ፣ ፍሬሙ ዛፍ ስለሚነካ ተብሎ እንዳይፈታ መከታተል፣ ከእርሻ ወቅት በፊትም ኦፕሬተሮችን ማሠልጠን የወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤቶች ሥራ ሊሆን ይገባል። ከሁሉ በላይ በትራክተር የሚታረስ ሄክታር ሲታቀድ ተዳፋቱ ቀድሞ ይለካ። አለበለዚያ ለቁጥር ሲባል የተጨመረችው ቁራሽ መሬት ኦፕሬተሩን እምቢ የማለት አቅም ታሳጣዋለች።

ያቺ ቁራሽ መሬት በጥንድ በሬ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ትታረሳለች። ከገደል የገባን ሰው ግን የሚመልስ ዊንች የለም።